የወር አበባ ሕመምና የመውለድ ተስፋ በአዊ

ከአዊ ከተሞች፣ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ፣ «ለምን አልፀነስኩም?» ብለው ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት ሴቶች መካከል፣ ለዓመታት የወር አበባ ሕመም በዝምታ የቻለች አትጠፋም። «ስትወልጂ ይተውሻል» እየተባለች አድጋለች። የሕመሙ አንዱ ምክንያት ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፦ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ በቅሎ ያቆስላል፣ ብልቶችን ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገምታል።

በሽታው አለባት ማለት መካን ናት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ያለ ሕክምና ይወልዳሉ፤ ዕድሉ ግን ይሳሳል። ጤናማ ጥንዶች በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ በሽታው ሳይታከም ሲቀር ከ2 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል።

የወሊድ መከላከያ እንክብል ሕመሙን ያስታግሳል፤ ልጅ ለምትፈልግ ግን አይጠቅምም፣ ወራቷን ይበላባታል። አልትራሳውንድ ትንንሽ ቁስሎችን ሊስት ስለሚችል «ምንም የለብሽም» መባል የመጨረሻ መልስ አይደለም። ቀላል በሚባለው ደረጃ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ቁስሉን የሚያስወግደው ላፓሮስኮፒ በራስ የመፀነስን ዕድል ከፍ ያደርጋል። በሽታው በእንቁላል ማምረቻው ላይ የሚፈጥረው «ቸኮሌት ሲስት» የተባለው ከረጢት ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ሲወጣ ጤናማ እንቁላሎችም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። «ሲስቱ ይውጣልኝ» ከማለት በፊት ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ መጠየቅ የሴቲቱ መብት ነው።

ባልም አብሮ ይመርመር፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት፣ ጣት የሚቀሰረው ግን ዘወትር ወደ እሷ ነው። በአገራችን ኢንፌክሽን የእንቁላል ቱቦን መዝጋቱም ስለሚያጋጥም ቱቦው ይታይ። ከዳንግላም ከእንጅባራም ለሪፈር የሚቀርቡት የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ እንቁላልና ዘር በላብራቶሪ የሚዋሐዱበት አይቪኤፍ ይቀራል። በመንግሥት ደረጃ አገልግሎቱ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሕክምናው ተደጋጋሚ ክትትል ስለሚጠይቅ የማደሪያው ወጪ ከመድኃኒቱ ጋር ይደመራል። ስለዚህ ጊዜ ወሳኝ ነው፦ ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ያለች 6 ወር ሞክራ ካልፀነሰች ትመርመር፤ በሽታው እንዳለባት ያወቀች ያንንም አትጠብቅ። ከፀነሰች በኋላም የእንግዴ ልጅ ዝቅ ብሎ የመቀመጥና ያለ ጊዜ የመውለድ ዕድል በመጠኑ ስለሚጨምር፣ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትሄድ የበሽታውን ታሪክ ለአዋላጇ ትንገራት።