ወደ ዶሜን የማይገባው ዊንዶውስ

በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆኑ የእያንዳንዱን የይለፍ ቃልና ፈቃድ ለየብቻ መጻፍ ብዙ አያደክምም፤ ቁጥራቸው ወደ መቶ ሲጠጋ ግን፣ አንድ ሠራተኛ ሥራ በለቀቀ ቁጥር ስሙን ከየማሽኑ እየዞሩ መፋቅ የማያልቅ ድካም ስለሚሆን፣ ሁሉን ከአንድ መንበር የሚያስተዳድር ሥርዓት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ዶሜን ይባላል። ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይረክተሪ የተባለውን የዶሜን መዝገብ ያወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ነው።

ዶሜንን ማኅበር ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ኮምፒዩተሩ ሲገባበት ስሙ በሰርቨሩ መዝገብ ይጻፋል፤ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ምሥጢራዊ ቃልም ይሰጠዋል፤ ይህንንም ቃል ማንም ሳያዘው በየ30 ቀኑ ራሱ ይለውጠዋል። ሠራተኛው ማለዳ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ማንነቱን የሚመረምረው ኬርቤሮስ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ፣ ስሙንም በግሪኮች ተረት የሲኦልን ደጅ ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የወሰደ የማረጋገጫ ሥርዓት ነው። በሰዓት ነገር እጅግ ጥብቅ ነው፤ በተለመደው ደንቡ በሰርቨሩና በኮምፒዩተሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም። ስለዚህ የጠዋቱን 2 ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ለማንበብ ሲል የኮምፒዩተሩን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው በገዛ እጁ ከደጅ ሊቀር ይችላል።

ነገር ግን ለዚህ ማኅበር የሚበቃው ሁሉም ዊንዶውስ አይደለም። ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን የተባሉት እትሞች ሲፈቀድላቸው፣ ለቤተሰብ ታስቦ የተዘጋጀው ሆም፣ ከኤክስፒ ሆም ጀምሮ እስከ ዊንዶውስ 11 ሆም ድረስ፣ ይህ ሥልጣን አልተሰጠውም። የኮምፒዩተሩን ስም የሚለውጡበትን ሳጥን ከፍተው ቢመለከቱ «ወርክግሩፕ» የሚለው ቃል ጎልቶ፣ «ዶሜን» የሚለው ግን ደብዝዞ ይታያል፤ በማውስ ደጋግመው ቢጫኑትም አይመረጥም። መስመሩ የተበላሸ መስሎት ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ የሚውል ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ ክልከላው ያለው በእትሙ ውስጥ ነውና።

እርግጥ ነው፣ ባለ ሆሙ ኮምፒዩተር በእንግድነት ይስተናገዳል፤ የዶሜኑን ስምና የተጠቃሚውን ስም ከይለፍ ቃሉ ጋር አስገብቶ በሰርቨሩ ላይ ለጋራ የተቀመጠ ፎልደር ሊከፍት ይችላል። ሆኖም ከመንበሩ የሚወጣው ደንብ፣ ማለትም ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለው፣ አይደርሰውም። የሰው ሒሳብና ምሥጢር ለሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ይህ በቂ ነው ብዬ አላምንም።

መፍትሔው እትሙን ወደ ፕሮ ማሳደግ ነው። የፕሮ ፈቃድ ገዝተው ቁልፉን በሴቲንግስ ውስጥ ሲያስገቡ እትሙ ይለወጣል፤ ፋይሎችና ፕሮግራሞችም በቦታቸው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሚስቱት የዲኤንኤስ አድራሻውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ዶሜኑን ፈልጎ የሚያገኘው በእርሱ ስለ ሆነ፣ አድራሻው የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር እንጂ የውጭ ኢንተርኔት አቅራቢን ማመልከት የለበትም።

ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የምትገዙ ሁሉ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሴቲንግስን፣ ሲስተምን፣ ቀጥሎም አባውትን ከፍታችሁ የእትሙን ስም አንብቡ፤ ሆም የሚል ከሆነ የፕሮውን ዋጋ በሒሳባችሁ ላይ ጨምሩ።