ሆድ ይፍጀው ያለ ተማሪ

በአዳማ ሙቀት እጅጌ ረጅም ሹራብ የማያወልቅ ልጅ ዶርም ውስጥ መቀለጃ ይሆናል። አለባበሱ የእምነት ወይም የምርጫ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አንዳንዴ ግን የሚሸሸገው ቁስል ነው።

ለመሞት ሳያስቡ ሆን ብሎ ገላን መጉዳት ብርቅ ነገር አይደለም። የብዙ አገር ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትንተና፣ ከወጣቶች 13 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሞከሩት ገምቷል። «ትኩረት ፍለጋ ነው» የሚለው ፍርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ትኩረት የሚፈልግ ሰው አይደበቅም። ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያገኙት ምክንያት ሊሸከሙት ያቃተ ስሜትን ማምለጥ ነው። እፎይታው አፍታ አይቆይም። ኀፍረት ይከተለዋል፣ ኀፍረቱ ጭንቀቱን ያባብሰዋል፣ ተማሪውም ተመልሶ እዚያው አዙሪት ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠው ማን ነው? የሚሰማውን ለይቶ መናገር የሚቸግረው፣ በልጅነቱ በደል የደረሰበት፣ ብቸኛ የሆነ። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የካምፓስን ኑሮ የሚገልጸው ራስን ያለ ርኅራኄ መውቀስ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቂ ወይም ከባቱ አንደኛ እየወጣ ያደገ ልጅ ይህን ወንፊት አልፎ አዳማ ሲደርስ በዙሪያው ያሉት ሁሉ አንደኞች ናቸው። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ግሬድ ሲመጣ «ፈተናው ከበደኝ» አይልም፤ «እኔ ምንም አልረባም» ይላል። ቤተሰቡ ጋ ደውሎ እንዳይናገር እነሱ ያወጡለትን ገንዘብ ያስባል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተኛል።

በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 21.6 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው አሳይቷል። ጥናቱ የለካው ጭንቀትን እንጂ ራስን መጉዳትን አይደለም። ከጭንቀቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ግን የምናውቃቸው ናቸው፦ የማይወዱት ዲፓርትመንት፣ የቅርብ ጓደኛ ማጣት፣ የገንዘብ ችግር፣ ከተጠበቀው ያነሰ ውጤት። ግማሾቹን የዶርም ጓደኛ ከሐኪም ቀድሞ ያያቸዋል።

ራስን መጉዳት ራስን ከማጥፋት ይለያል፤ ሆኖም ውሎ አድሮ ለዚያ የመጋለጥን ዕድል ስለሚጨምር «ያልፍለታል» ተብሎ አይተውም። ብዙዎች «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች ይህን ፍርሃት አይደግፉም። «ራስህን እየጎዳህ ነው እንዴ?» ብሎ ለብቻ፣ ሳይቆጡና ሳይደነግጡ መጠየቅ፣ ከዚያም አብሮ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት መሄድ ይቻላል። ስሜትን መቆጣጠር የሚያለማምዱ የንግግር ሕክምናዎች ይረዳሉ። መሞትን የሚያነሣ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።