ሁለት ሕግ፣ አንድ ርስት

ያለ ኑዛዜ በሞተ ሰው ንብረት የሚካሰሱ እህትማማቾችና ወንድማማቾችን ሳዳምጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን ከልቡ ነው የሚናገረው። ታላቁ «አባታችንን የጦርኩት፣ ቤቱንም ያቆምኩት እኔ ነኝ» ይላል። ታናሺቱ «ልጅነት አይበላለጥም» ትላለች። ሁለቱም የሚደገፉበት ሕግ ያገኙ እንደሆነ ደግሞ ሽማግሌም አይመልሳቸውም። በሰሜን ቨርጂኒያ የውርስ ጉዳይ ስይዝ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የከበዱኝ መዝገቦች እንዲህ ያሉት ናቸው፤ አንዱ ቤት እዚህ፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ ልጆቹም ከፊሎቹ እዚያ ከፊሎቹ እዚህ።

ወደ ሙያው ለሚገቡ ወጣት ጠበቆች የዊንትሮፕን ክርክር አንብቡ የምላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ የተፈጸመው አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌይት ስቲል ዊንትሮፕ በ1717 ቦስተን ውስጥ ሞተ። አያቱ የማሳቹሴትስ፣ አባቱና ወንድሙ የኮኔቲከት ገዥዎች ነበሩ። እርሱም ሲሞት የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበር። የስንቱን ሰው ውርስ ያየ ዳኛ በሁለት ቅኝ ግዛቶች ሰፊ መሬት ትቶ፣ ኑዛዜ ሳይተው አለፈ። የቀሩት ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ጆን እና ሴቷ አን።

በእንግሊዝ አገር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ መሬት ሙሉ በሙሉ የበኩር ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ መሬት የምትወርሰው ወንድም ከሌላት ብቻ ነበር። ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት በሚገኙበት በኒው ኢንግላንድ የሰፈሩት፣ ፒዩሪታን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ግን ሕጋቸውን ሲያወጡ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠው ነበርና፣ በዘዳግም ምዕራፍ 21 እንደተጻፈው ለበኩሩ እጥፍ ድርሻ ሰጥተው የቀረውን ለሌሎቹ ልጆች አከፋፈሉ። ማሳቹሴትስ ይህን በ1641 ደንግጋለች። ኮኔቲከትም በ1699 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ ሴት ልጅም ከመሬቱ ትካፈላለች። በዚህ ስሌት የኮኔቲከቱ መሬት ሁለት እጁ የጆን፣ ሲሶው የአን ነበር። ጆን ግን «መሬቱ በሙሉ የእኔ ነው» አለ።

የቦስተን ነጋዴ የነበረው የአን ባል ቶማስ ሌችሜር ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰው። የኮኔቲከት ዳኞች ለእህት ፈረዱ። ጆንም በ1726 ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባና ፕሪቪ ካውንስል ለሚባለው የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት ይግባኝ አለ። በ1728 ተፈረደለት፤ የ1699ኙ ሕግ ከእንግሊዝ ሕግ ጋር ስለሚጻረር ከመሠረቱ ፈራሽ ነው ተባለ። ምክር ቤቱ የተመረኮዘው ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1662 ለኮኔቲከት በሰጠው ቻርተር ላይ ነው። ቻርተሩ ቅኝ ግዛቲቱ ከእንግሊዝ ሕግ ጋር የሚቃረን ሕግ እንዳታወጣ ይከለክላል። ያን ቻርተር ለንደን ድረስ ሄዶ ለሕዝቡ ያስገኘው ደግሞ የጆን የገዛ አያቱ ነበር።

የሁለት ሰው ጠብ በአንድ ውሳኔ የሺዎች ጭንቀት ሆነ። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ በዚያ ሕግ ተከፋፍለው የኖሩ ቤተሰቦች ሁሉ እጃቸው ላይ ያለው መሬት አጠራጣሪ ሆነባቸው። ታናሽ ወንድም ድርሻዬ ብሎ የመነጠረው ጫካ፣ እህት ተካፍላ ለጎረቤት የሸጠችው ማሳ፣ ጎረቤቱም ያረሰው፣ ሁሉም ከታላቅ ወንድም አንድ ክስ ይጠብቃል። ኮኔቲከት ለንጉሡ ያቀረበችው መከራከሪያ እስከ ዛሬ ልቤን ይነካኛል። በዚህ አገር መሬት ያለ ጉልበት ዋጋ የለውም፣ ጫካውን የመነጠሩት ልጆቹ ሁሉ ናቸው፣ ታላቁ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ታናናሾቹ ምን ብለው ይደክማሉ የሚል ነበር። በ1738 ምክር ቤቱ ከዚያው ጋር የሚመሳሰለውን የማሳቹሴትስ ሕግ አጸና። በ1745 ደግሞ የኮኔቲከት ጥያቄ ለልጆች ሁሉ በሚበጅ መንገድ ተዘጋ። ዊንትሮፕ ያሸነፈው ለራሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሚስቱን አሜሪካ ትቶ እንደሄደ፣ እንግሊዝ አገር ተቀምጦ በ1747 እዚያው ሞተ።

የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሰው ስግብግብ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ስግብግብ ሰው ለድርድር ይመቻል፤ የክሱ ወጪ ከድርሻው ሲበልጥ ያየዋልና ይታረቃል። ዊንትሮፕ ግን የሚያምነውን በሕግ ተጽፎ ያገኘ ሰው ነው፤ እህቱም እንዲሁ። እኔ እንደማየው ወቀሳው ለአባትየው ነው። ሕግ አዋቂው እርሱ ነበር፤ መሬቱ በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ መጻፍ የሚችለውም እርሱ ብቻ ነበር።

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ያለ ኑዛዜ መሞት ከዚህ የከፋ ፍሬ አፍርቷል። ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ የሚባለው ባለጠጋ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። ቨርጂኒያ በ1705 ባወጣችው ሕግ ባሪያዎች እንደ መሬት ይቆጠሩ ስለነበር፣ ባልቴቲቱ ማርታ ከመሬቱም ከሰዎቹም ሲሶውን እስከ ዕለተ ሞቷ ልትጠቀምበት ወሰደች፤ ስትሞት ግን ወደ ከስቲስ ወራሾች ይመለሳል። ማርታ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጆርጅ ዋሽንግተንን አገባች። ዋሽንግተን በ1799 ኑዛዜውን ሲጽፍ የራሱ የሆኑ 123 ሰዎች ነጻ እንዲወጡ አዘዘ። በማርታ ሲሶ የተያዙትን 153 ሰዎች ግን ነጻ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም። በዋሽንግተን ርስት በማውንት ቨርነን ሁለቱ ወገኖች ተጋብተው ወልደው ነበር። ማርታ በ1802 ስትሞት የሲሶው ሰዎች ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ፤ ባል ነጻ ወጥቶ ሚስትና ልጆች በባርነት የቀሩበት ቤት ብዙ ነበር። በዚያ ውርስ ውስጥ ድርሻ ተብለው የተቆጠሩት ሰዎች ናቸው። ይህን ሳልናገር ስለ ቅኝ ግዛት ውርስ መጻፍ ክህደት ይመስለኛል። የዋሽንግተን ኑዛዜ ዛሬም የሚገኘው ጉዳዮቼን በማቀርብበት በፌርፋክስ ፍርድ ቤት ነው።

ሲሶ የሚለው ስሌት በቨርጂኒያ ሕግ እስከ ዛሬ አለ። ከሌላ ሴት የወለዳቸው ልጆች ያሉት ባል ሳይናዘዝ ቢሞት፣ እዚህ ያለው ቤቱ ሲሶው ለሚስቱ፣ የቀረው ለልጆቹ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤት ግን በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። ሚስት ከጋራ ንብረት ግማሿን ትወስዳለች፤ የባሏ ወራሽ ግን አይደለችም። የእርሱ ድርሻ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። እንግዲህ እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለችው ሚስት አንዱን ሕግ፣ ቦሌ ያሉት ልጆች ሌላውን ይጠቅሳሉ፤ ሁሉም ያነበቡት ትክክል ነው።

ስለ ኑዛዜ ሳነሳ «አታሟርትብኝ» የሚሉኝ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። አልቀየማቸውም፤ ሞትን በስሙ መጥራት ለማን ይቀላል? ቢሆንም ጥያቄዬን አልተውም። ቤቱ በማን ስም ነው፣ የት አገር ነው፣ ባንክ ያለው ገንዘብስ? ከፊተኛው ትዳር የተወለዱት ልጆች ስለዚህኛው ቤት ያውቃሉ? መልሱን በሁለት ዓምድ እጽፍና በየዓምዱ ሥር፣ ሰውየው ዛሬ ማታ ቢሞት እያንዳንዱ ሰው የሚደርሰውን አሰላለሁ። ብዙዎቹ ያን ወረቀት ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «እኔ እንዲህ አላሰብኩም» ይላሉ። ያሰቡትን ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ። ምስክሮችም የሚጠሩት በሁለቱም አገር ሕግ በሚጸና ሥርዓት ነው። ከተቻለም ልጆቹ፣ አዲስ አበባ ያሉት በስልክ፣ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ከራሳቸው አንደበት እንዲሰሙት አደርጋለሁ።