እናት የማታውቀው ሽታ

ቲራት ካርሜል ከሃይፋ በስተደቡብ፣ በካርሜል ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ከጎንደር አካባቢ የመጡ ቤተሰቦችም ይኖሩባታል። ድሮ ልጅ ሲጋራ ሲጀምር ልብሱና ትንፋሹ ያሳብቁበት ነበር፤ እናቱ ገና ከደጃፍ ታውቅበታለች። ዛሬ ከኪሱ የወደቀውን ቀጭን ዕቃ አንስታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብትለው፣ «የኮምፒውተር ዕቃ ነው እማዬ» ቢላት ታምነዋለች። የሚሸተው ማንጎ ማንጎ ነዋ!

ይህ ዕቃ ቬይፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው፤ ሲፈታ ተአምር የለውም። ባትሪ፣ የፈሳሽ ቋት፣ በመካከላቸው ጥጥና ቀጭን ሽቦ። አጫሹ ሲስብ ሽቦው ይግላል፣ ጥጡ የጠጣው ፈሳሽ ይተናል። ፈሳሹ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን ነው። «እንፋሎት ብቻ ነው» የሚሉ ወጣቶች ይህችን የመጨረሻዋን ይዘሏታል። እርግጥ የሚነድ ትምባሆ ስለሌለ፣ ለዓመታት ያጨሰ ሰው ሲጋራውን ጨርሶ ትቶ ወደዚህ ቢዞር ጉዳቱ ይቀንስለታል። ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ በ2003 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሠራው ራሱም አጫሽ ነበር። አጭሶ ለማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ግን ትርፉ ሱስ ነው።

ነገሩን የለወጠው የኒኮቲን ጨው ነው። ተራ ኒኮቲን ሲበዛ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ጀማሪውን በሳል ያባርረው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ የወጣው ጁል የተባለ ቬይፕ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋሕዶ ጨው በማድረግ አለዘበው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 59 ሚሊ ግራም ቢይዝም አይቆረቁርም። ሽታው ከቤት፣ ቁርቁሩ ከጉሮሮ ሲጠፋ ወጣቱን የሚመልስ ምን ቀረ?

እስራኤል በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን የያዘውን ጁል አገደች፤ ትእዛዙን የፈረሙት በወቅቱ የጤና ሚኒስትርነቱን ደርበው ይዘው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ናቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የቬይፕ ንግድን ጭራሽ ከለከለች። በቲራት ካርሜል ግን 18 ዓመት የሞላው ልጅ በሕግ መግዛት ይችላል።

የመንግሥት ሕግ ቢፈቅድለትም፣ በሰንበት እሳት ለማያነዱ ሽማግሌዎች «እሳት የለውም» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ የጋለ ሽቦ በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ በብዙዎች ዘንድ እንደ እሳት ይቆጠራል።

የእስራኤል የጤና መድን ድርጅት፣ ኩፓት ሆሊም፣ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ እገዛ ይሰጣል። «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» ሲባል ግን ቬይፕ የሚስበው ልጅ መልስ ያጥረዋል። ሲጋራ ነዶ ያልቃል፣ ቁራጩም ይቆጠራል፤ ይሄኛው ከትራሱ ሥር ሆኖ ሌሊትም ይሳባል።