ኮምፓክት ዲጂታል ካሜራ በላሊበላ

ኮምፓክት ዲጂታል ካሜራ ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ምስሉንም በፊልም ፈንታ በኤሌክትሮኒክ ሴንሰር የሚቀርጽ አነስተኛ ካሜራ ነው። ይህ ጽሑፍ ካሜራው በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ ለገዢዎቹ ምን እንደጠቀመና የት እንዳስቸገረ ያብራራል። ገዢ ሲባል አስጎብኚው፣ በበዓል ቀን ምእመናንን የሚያነሣው ፎቶ አንሺ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩና ከሩቅ የመጣው ጎብኚ ሁሉ ይካተታሉ።

ላሊበላ በሰሜን ወሎ ዞን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ለትንሽ ካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና ማግኘት ይቸግራል፤ ደጅ ያለው ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ሲሉ ግን ጨለማ ነው።

ከዲጂታል በፊት

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላሊበላን አይቶ ስለ ሕንጻዎቹ ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። ያየውን በምስል የሚያስመሰክርበት መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1868 በወድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቷል። በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። የስዊዙ ፎቶ አንሺ ጌኦርግ ጌርስተር በ1960ዎቹ ያሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ የአለት አብያተ ክርስቲያናቱን ለብዙ የውጭ አንባቢ አስተዋውቋል።

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም ብዙውን ጊዜ 36 ፎቶ ይይዝ ነበር። የተነሣው ሰው ፎቶውን የሚያየው ፊልሙ አጣቢ ቤት ወዳለበት ከተማ ደርሶ ሲመለስ ነው፤ ጎብኚ ካነሣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አያየውም። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው፤ አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመቅረጽም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1995 የወጣው ካሲዮ ኪው ቪ-10 ከጀርባው መመልከቻ ስክሪን ይዞ መጣ። ለላስታ ሰው ትልቁ ለውጥ ከሜጋፒክስሉ ይልቅ ይህ ስክሪን ይመስላል፤ ተነሺው የገዛ ፊቱን እዚያው ቆሞ አየ፣ ካልወደደውም አስጠፋው።

ግዢውና የሜጋፒክስል ነገር

ካሜራው ወደ ላሊበላ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ፒያሳና መርካቶ ሱቆች ተገዝቶ፣ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ተልኮ፣ ወይም ጎብኚ ሲጠቀምበት የቆየውን ሸጦት ወይም ሰጥቶት ሲሄድ። በሦስቱም መንገድ የአምራቹ ዋስትና እምብዛም አብሮ አይመጣም። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ኦሪጅናል ቻርጀሩን ካላገኘ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ቢከራከር ይገባዋል፤ ባትሪው የዚያ ሞዴል ብቻ ከሆነ ቻርጀሩን ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነውና።

ሻጩ አስቀድሞ የሚጠራው የሜጋፒክስሉን ቁጥር ነው። ገዢዎችን በብዛት ያሳሳተውም ይኸው ቁጥር ነው። ተራ ኮምፓክት ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውድ በሆኑት ኮምፓክቶች ያለው «አንድ ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ አራት እጥፍ ማለት ነው። የባለሙያ ትልቅ ካሜራ ሴንሰር ደግሞ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በትንሿ ሴንሰር ላይ 16 ወይም 20 ሚሊዮን ነጥብ ሲታጨቅ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ ጨለማ ውስጥ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ ለላሊበላ 10 ሜጋፒክስል ያለው ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ 20 ካለው ባለ ትንሽ ሴንሰር ይሻላል።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ

የውስጡ ብርሃን በትንንሽ መስኮቶች የሚገባው፣ የጧፉና እዚህም እዚያም ያለው አምፖል ነው። ካሜራው ይህን ሲያይ መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ መካከል እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። ዙም ሲደረግ ነገሩ ይብሳል። በሰፊው ሲያነሣ ቀዳዳው ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ዙም ሲደረግ ወደ ኤፍ 5.6 ቢጠብ የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የለመዱ ሰዎች ዙሙን ትተው ራሳቸው ይጠጋሉ፣ ነጠላቸውን ጠቅልለው ካሜራውን ከላዩ ያስደግፋሉ፣ በጣታቸው ተጭነው ከማንሣት ይልቅም የሁለት ሴኮንድ ማቆያውን ይጠቀማሉ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይዞ መግባት ግን አገልጋዮቹን ሳይጠይቁ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ፍላሽ መልስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። የኮምፓክት ካሜራ ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው፤ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው በቤተ መድኃኔዓለም ውስጥ የፊተኛውን ምሰሶ አንጥቶ የኋለኛውን ጭልም ያደርገዋል። ዕጣን በሚታጠንበት ሰዓት ደግሞ ብርሃኑ ከጢሱ ላይ ተመልሶ ፎቶውን በነጭ ክብ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ከሁሉ በላይ በግድግዳ ሥዕሎቹ ምክንያት በውስጥ ፍላሽ ማብራት ክልክል ነው። መስቀል ይዘው ለጎብኚ የሚቆሙ አንዳንድ ካህናት ጥቁር መነጽር አድርገው የሚታዩትም በብልጭታው የተነሣ ነው። ይህን እንደ አስቂኝ ነገር የሚያነሡ ጎብኚዎች አሉ፤ በቀን ስንት ጊዜ ዓይኑ ላይ እንደሚበራበት ለሚያስብ ሰው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ደጅ ያለው ችግር ሌላ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ዙሪያውን በጉድጓድ ግድግዳ ስለታጠረ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይቻልም። ከሕንጻው 8 ሜትር ርቆ ካሜራውን አቁሞ የሚያነሣ ሰው በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ 8 ሜትር፣ በ28 ሚሊ ሜትር 10 ሜትር፣ በ24 ሚሊ ሜትር 12 ሜትር ያህል ቁመት ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ሻጩ «ዙሙ ስንት ጊዜ ያቀርባል» ለሚለው ጥያቄ ሲመልስ ገዢው «ሰፊው ከስንት ይጀምራል» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጣሪያው ነጭ፣ ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ስክሪኑም በፀሐዩ ምክንያት አይነበብም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የአለቱ ቀይ መልክ ይለሰልሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። እዚያ ሕንጻው ራሱ፣ ከነድንጋዩና ከነእንጨቱ፣ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም የሚከበረው የገና በዓል «ቤዛ ኩሉ» ግን ንጋት ካለፈ በኋላ ደጅ ስለሚዘመር ለትንሽ ካሜራ የሚመች ነው፤ ካህናቱ ነጭ ለብሰው በአለቱ ጠርዝ ላይና ከታች በግቢው ይቆማሉ። በዚያ ቀን የሚያስቸግረው ብርሃን ሳይሆን የሕዝቡ ብዛት ነው።

አቧራ፣ ባትሪና ቀን

ኮምፓክት ካሜራ ሲከፈት ሌንሱ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። በበጋ የላስታ አቧራ በዚህ መንሸራተቻ መካከል ገብቶ ሌንሱን ያስቆመዋል፤ ካሜራው የሌንስ ስሕተት አለ የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ይጠፋል። ጥገናው የካሜራውን ዋጋ ስለሚጠጋ ብዙዎቹ በዚያው ይቀራሉ። ብዙም ወጪ የሌለበት መከላከያ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት መያዝና ነፋስ ባለበት ቦታ አለመክፈት ነው።

ባትሪ በብርድ ይደክማል። 4,260 ሜትር ወደሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው ትርፍ ባትሪውን ከልብሱ ስር ቢይዘው ይጠቅመዋል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ ሲደርስና ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ስትቀር፣ በልዩ ቻርጀር ብቻ የሚሞላ ካሜራ ጥቅም አልነበረውም። በተራ ድንጋይ ባትሪ የሚሠራው፣ በደህናው ጊዜ ክብደቱና ወጪው የሚነቀፈው ዓይነት፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይመረጣል።

ሜሞሪ ካርድ ላይ የተጻፈው መጠን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አስመስሎ የተሠራ ካርድ 32 ጊጋባይት ነኝ ብሎ ከሞላ በኋላ የሚመጣውን ፎቶ ዝም ብሎ ያጠፋዋል፤ ከሠርግ ወይም ከጥምቀት በፊት እስከ መጨረሻው ሞልቶ መፈተን ይገባል። በማተሚያ ቤት ኮምፒውተር «ሾርትከት ቫይረስ» ፎቶውን የሚደብቅበትም ጊዜ አለ። ካርዱን ከመስጠት በፊት በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች መግፋት ይህን ይከለክላል፤ ብዙ ባለ ካሜራ ግን መቆለፊያዋ ለምን እንደተሠራች አይጠይቅም።

የካሜራው ቀን አቆጣጠር የፈረንጅ ነው፤ አማርኛም በአብዛኞቹ ሞዴሎች የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ የለም። በዓመት ሰባት ወይም ስምንት፣ በሰዓትም ስድስት ይለያያል። ብዙ ሰው ቀኑን ሳያስተካክል ስለሚተወው ፎቶው ካሜራው የተሠራበትን ዓመት ጥር 1 ይዞ ይቀራል። ለቤተሰብ አልበም ብዙም አይጎዳም፤ ለቅርሱ ግን ይጎዳል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎች አለቱን እንዳይጎዱ የሰጉ ነዋሪዎች በ2018 አደባባይ ወጥተው እንዲነሡ ጠይቀዋል። ስንጥቅ ሰፋ ወይስ አልሰፋም የሚለውን ለማነጻጸር ትክክለኛ ቀን ያለው፣ ከተመሳሳይ ቦታ የተነሣ ተራ ፎቶ እንኳ ዋጋ አለው። ቀኑ የተሳሳተ ፎቶ ግን ከዚህ ማስረጃነት ይወጣል። ለንዋያተ ቅድሳትም እንዲሁ ነው፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተሰርቆ በ2001 የተመለሰው የቤተ መድኃኔዓለም «አፍሮ አይገባ» መስቀል እንዳሳየው፣ የተሰረቀ ዕቃ የእኔ ነው ለማለት መልኩን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከስልክ በኋላ

በዓለም ገበያ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከ120 ሚሊዮን በላይ ደርሶ በ2020 ከ10 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ ቦታውን የወሰደው ስልክ ነው። በላሊበላም ጎብኚውም አስጎብኚውም ዛሬ የሚያነሣው በስልኩ ነው። ጨለማ ውስጥ ስልኩ ብዙ ምስል አንሥቶ አንድ ላይ ስለሚያዋህድ የድሮውን ኮምፓክት ይበልጠዋል። ኮምፓክቱ የሚበልጠው በእውነተኛው ዙም ነው፤ የአቡነ ዮሴፍን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ለማንሣት፣ ወይም በገና ዕለት ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ የካህናቱን ፊት ለማቅረብ አሁንም ይፈለጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካሜራ ለማስመጣት ቀድሞ ይበቃ የነበረው ብር ግማሽ መንገድ ብቻ ስለሚያደርስ፣ ያገለገለውን ፈትሾ መግዛት ለብዙዎች የቀረው መንገድ ሆኗል። ፍተሻውም ሌንሱን አሥር ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፣ ነጭ ግድግዳ አንሥቶ ጥቁር ነጥብ መፈለግና ባትሪውን ሞልቶ እስኪያልቅ መቁጠር ነው።