ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ሌሊት

በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እርስዎ የት ነዎት? እኔ ለብዙ ዓመታት ቢሮ ነበርኩ። ማርኬቲንግ ለሚሠራ ሰው ፋሲካ ማለት የቅናሽ ማስታወቂያ፣ የስጦታ ፓኬጅና የባዛር ድንኳን ነው። ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ እየተከደነ ነበር። በዓሉን ለሰው ሁሉ ሸጬ ለራሴ ምንም አላስቀረሁም።

የእርስዎም ቤት ከዚህ ብዙ አይለይ ይሆናል። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው፣ የልጆቹ ልብስ ሲባል ሦስቱ ቀናት እንዴት እንዳለፉ ሳያውቁት እሑድ ይሆናል።

ያደግኩት ሶዶ ስለሆነ የማውቀው የላቲኑን ሥርዓት ነው። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት ወይም በእምድብር በግዕዝ ሥርዓት የሚያስቀድሱ ከሆነ ዝርዝሩ ይለይብዎታል። በእኛ በኩል ሐሙስ ማታ የተጀመረው ጸሎት የሚፈጸመው ቅዳሜ ሌሊት ነው። የሐሙሱ ቅዳሴ ሲያልቅ ካህኑ እንደ ወትሮው ባርኮ አያሰናብትም። የዓርቡ አገልግሎት በዝምታ ተጀምሮ በዝምታ ይበተናል። የስንብቱ ቃል የሚሰማው በትንሣኤው ሌሊት ነው። ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ሰው ጨዋታው ሲያልቅ እንደደረሰ እንግዳ ነው ማለት ነው፤ እኔ ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ።

ሐሙስ ማታ እግር ይታጠባል። እኔ ልጅ ሳለሁ የሚታጠቡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱን አሻሽለው ሴቶችም እንዲታጠቡ ፈቅደዋል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ዝም ይላል። ከቅዳሴው በኋላ ቅዱስ ቁርባኑ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ይወሰዳል፣ መሠዊያው ልብሱ ተገፎ ባዶውን ይቀራል፤ ምእመናንም እስከ እኩለ ሌሊት በዚያ ይጸልያሉ።

እናቴ ይህን ሰዓት አምልጧት አያውቅም። አንድ ዓመት “ዛሬ እንኳ ከእኔ ጋር ቁጭ በይ” አለችኝ። “ሥራ አለብኝ እማዬ” አልኳት። በዓመቱ እዚያው ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። የሚያነበንቡት ጸሎት ባይኖርዎትም ግድ የለም። ስልክዎን ቤት ይተዉት፤ ኪስዎ ውስጥ ካለ መንካትዎ አይቀርም።

ዓርብ በመላው ዓለም ቅዳሴ የለም። የሚቀበሉት ቁርባን ሐሙስ የተቀደሰው ነው። ካህኑ ወለሉ ላይ በግንባሩ ይደፋል፣ ሕማሙ ከዮሐንስ ወንጌል ይነበባል፣ ስለ ክርስቲያኑም ስላላመነውም ይጸለያል፣ ከዚያ ሁሉም ተሰልፎ መስቀሉን ይስማል። የላቲኑ ሕግ ከ18 እስከ 59 ዓመት ላለው ጤነኛ ሰው በዚህ ቀን አንድ ሙሉ ምግብ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሥጋም የለም። በአገራችን ጾም ለለመደ ይህ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከወሬ መጾም ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉዎት የፍኖተ መስቀሉን 14 ምዕራፎች በአንዴ አይጫኑባቸው። ሦስቱን ይምረጡና ቤት ውስጥ እየተዘዋወራችሁ ጸልዩ። የእኔ ልጅ ስምዖን መስቀሉን ያገዘበትን ሁልጊዜ ትመርጣለች።

ባለቤትዎ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ደግሞ እድለኛ ነዎት። እዚህ አገር ፋሲካን የምናከብረው በአንድ ቀን ነው። ሮም ውስጥ ግን የሁለቱ ቀን ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን መገጣጠሙ ለዚህ ነበር ዜና የሆነው።

ወጡስ? ሽንኩርቱ ረቡዕ ይከተፍ። ዶሮው ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ያስተኙ፣ እርስዎም ጋደም ይበሉ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። ይህ ሥርዓት ለዘመናት በቅዳሜ ጠዋት ይፈጸም ነበር። ወደ ሌሊት በቋሚነት የመለሱት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ናቸው፣ በ1955 እ.ኤ.አ.። ደግ አደረጉ፤ በቀን ብርሃን ሻማ ምን ይታያል? ደጅ እሳት ይነዳል፣ ትልቁ የፋሲካ ሻማ ከእሳቱ ይለኮሳል፣ ወደ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ብርሃኑም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

እኔ ዘንድሮ ለአለቃዬ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ እንደማልገኝ ከወር በፊት ነግሬያለሁ። እርስዎም አስቀድመው ይንገሩ። ለልጅዎም የራሷን ሻማ ይግዙላት፤ ሰሙ እጇን እንዳያቃጥላት ከሥሩ ወረቀት ያድርጉበት።