ማስረጃው የሚቀልጥ ብልሽት

በእንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ብርዱ ከገባበት ከጥቅምት ጀምሮ ከደንበኞቼ ከምሰማው ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ቅሬታ ይህ ነው፦ «ከቤት ስወጣ ደህና ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ እንደሄድኩ ጉልበቱ ከዳኝ፤ ፍጥነት ስቀንስ ጭራሽ ጠፋ። ዳር ይዤ ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልነካው ተነሣ።» ባለሞተሩ ይህን እስኪነግረኝ ድረስ ካንዴላ ቀይሯል፣ ባትሪ ገዝቷል፣ ካርቡሬተሩን አስፈትቶ አሳጥቧል። እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አየሩ ነው። ጭጋግ ነበር? ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር?

ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይሠራል ስል ብዙ ሰው ቤንዚኑ የሚረጋ ይመስለዋል። የሚረጋው አየሩ የያዘው ውኃ ነው። ቤንዚን ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀቱን ከአካባቢው ይወስዳል፤ ሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲጠርጉት እንደሚቀዘቅዘን ማለት ነው። አየሩም በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚወርድ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ተደምረው ውስጡን ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ ውጭው 8 ዲግሪ በሆነበት፣ መንገዱ ላይ አንዲት የበረዶ ቅንጣት በማይታይበት ቀን፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ከዜሮ በታች ይሆናል። እርጥበቱ ነዳጅ ስንሰጥ የምትከፈተዋ ክብ ክዳን ጠርዝ ላይና በሚኒሞው ቀዳዳዎች ዙሪያ እየረጋ መንገዱን ይዘጋል።

ብርዱ በበረታ ቁጥር ችግሩ የሚብስ የሚመስላቸው አሉ። እንዲያውም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ አየሩ የሚሸከመው እርጥበት ጥቂት ስለሆነ በረዶ የሚሠራበት ውኃ ያጣል። የከፋው 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ያለ ጭጋግ ነው። አነዳዱም ድርሻ አለው፤ ነዳጅ በትንሹ ብቻ ሰጥቶ በእኩል ፍጥነት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ክዳኗን ገርበብ አድርጎ ስለሚይዛት ቀጭን በረዶ እንኳ ይበቃታል። ከሼፊልድ ወደ ግሎሶፕ የሚያሻግረው፣ ከፍታው 500 ሜትር የሚያልፈው ስኔክ ፓስ ለዚህ የተመቸ መንገድ ነው።

ሞተሩ ሲቆም በረዶው በሞተሩ ሙቀት ይቀልጣል፤ ጋራዥ ሲደርስ የሚታይ ምልክት የለም። ሰው ያለ ጥፋቱ ለዕቃ ገንዘብ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያሳዝነኛል። ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን በረዶው ክዳኗን ከፍቶ ሲይዛት ነው። እጅዎ ነዳጁን ለቆ የሞተሩ ፍጥነት አልወርድ ይላል። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ይያዙ፣ የሞተር ማጥፊያውን ይጫኑ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ካዋሳኪ በእንግሊዝ ገበያ ለሸጣቸው 500 ሲሲ ሞተሮቹ ከማቀዝቀዣው የሚመጣ ትኩስ ውኃ ካርቡሬተሩን እንዲያሞቅ ቀጫጭን ቱቦዎች ዘርግቶላቸዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቱቦዎቹን በጣት እነካለሁ፤ ቀዝቃዛ ከሆኑ መስመሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ እፈታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ዝቃጭ ደፍኗት አገኛለሁ። አንዳንዱ ሞተር ላይ የቀድሞው ባለቤት ቱቦውን ቆርጦ ደፍኖታል። ይህ ሥርዓት ለሌለው ሞተር በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ይገጠማል፤ አለዚያም በረዶውን የሚከላከል ፈሳሽ ቤንዚኑ ላይ ይጨመራል። ሚኒሞ ከፍ ማድረግን ግን አልመክርም፤ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በረዶውን አያስቀረውም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጭስ ሕጉ ስለጠበቀ አዳዲስ ሞተሮች ቤንዚኑን ወደ ሞቃቱ ቫልቭ ተጠግቶ በሚረጭ ኢንጄክሽን ይሠራሉ፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ አያገኛቸውም።

አገር ቤት ግን እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ባለካርቡሬተር ሞተሮች አሁንም የብዙ ሰው እንጀራ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጣርማ በር ጭጋግ ደግሞ ለዚህ በረዶ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላል፤ በተለይ ነዳጅ ለቆ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ለሚወርድ። እዚያ ሞተርዎ ጉልበት ካጣ ካንዴላ ለመፍታት አይቸኩሉ። አጥፍተው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁት። በዚያ ጭጋግ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና አያይዎትምና፣ እባክዎን አስቀድመው ሞተሩን ከአስፋልቱ ያውጡ።